በልደት ማለዳ ማዕድ ማንም እንዳይቀር

መግቢያ

የበዓለ ልደት ሌሊት በብዙ አጥቢያዎቻችን እንዲህ ያልፋል። ካህናቱ በማኅሌት፣ ምእመናኑ በጸሎት ቆመው ያድራሉ፤ ቅዳሴው ሲፈጸም ነጠላቸውን ተከናንበው በታኅሣሥ ብርድ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ወደ መንደሩ ሲቃረቡ የቁሌትና የቅቤ ሽታ ይቀበላቸዋል። በሩን የምትከፍትላቸው እናት ግን ብዙ ጊዜ ሌሊቱን በምድጃ ዳር ያሳለፈች ናት። ማኅሌቱን አልሰማችም፤ አላስቀደሰችም። ለበዓሉ የሚያስፈልገውን ሁሉ አዘጋጅታ ከበዓሉ ዋና ነገር ቀርታለች።

ከዚያው ቤት አጥር ማዶ ደግሞ በዚያ ማለዳ ጭስ ያልታየበት ቤት ሊኖር ይችላል። በማዕዱ ዙሪያ ከተቀመጡትም መካከል የጨጓራ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው፣ የቀረበውን ቢበሉ የሚታመሙ፣ ባይበሉ የሚያዝኑ አይጠፉም። እንግዲህ በአንድ ማዕድ ሦስት ሰዎች ሊቀሩ ይችላሉ፤ ያዘጋጀችው፣ የሌለውና የታመመው።

በዚህ ትምህርት የምናየው ይህንኑ ነው። የልደት ማለዳ ማዕድ እንዴት ቢዘጋጅ ከእነዚህ ማንም የማይቀርበት ይሆናል? መልሱ ከገንዘብ ይልቅ ሥርዓትን የሚሻ መሆኑን በየደረጃው እናሳያለን።

1. ጾሙና ማለዳው

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከምታዛቸው ሰባት አጽዋማት አንዱ ጾመ ነቢያት ነው። ነቢያት የጌታችንን የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን መምጣት በጾምና በጸሎት መጠበቃቸውን እያሰብን ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ በዓለ ልደት ዋዜማ ድረስ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል እንከለከላለን። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበትን ዓመት ተከትሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። ዋዜማው ገሃድ ነው። ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ቢውል እንኳ ስለ በዓሉ ክብር ጾሙ ይፈታል።

ስለዚህ ያ የማለዳ ማዕድ ተራ ቁርስ አይደለም፤ ከስድስት ሳምንት በላይ የቆየ ጾም የሚፈታበት፣ ቤተሰብ በአንድነት የሚቀመጥበት ነው። ሆኖም አንድ ነገር መለየት ይገባናል። ጾሙ፣ ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ቅዱስ ቁርባኑ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ናቸው። በማዕዱ ላይ የሚቀርበው የምግብ ዓይነት ግን የአገር ልማድ ነው። ዶሮ ወጥ በማለዳ ካልቀረበ በዓሉ አይከበርም የሚል ቀኖና የለም። ልማድ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ልማዱ ሥርዓቱን እንዳያስቀር፣ ማለትም እናት ለወጥ ስትል ቅዳሴ እንዳይቀርባት፣ መጠንቀቅ ይገባል።

2. ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ማዕድ የሚያስተምሩን

በነህምያ 8፥10 እንደምናነበው፣ ሕዝቡ የሕጉን ቃል ሰምተው ባለቀሱ ጊዜ ቀኑ የተቀደሰ ስለ ሆነ ወደ ቤታቸው ሄደው የሰባውን እንዲበሉ፣ ጣፋጩን እንዲጠጡ ተነገራቸው። ትእዛዙ ግን በዚያ አላበቃም፤ ምንም ላልተዘጋጀላቸው ደግሞ ድርሻቸውን እንዲልኩ ተነግሯቸዋል። የበዓል ደስታና የድኃው ድርሻ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ መጣመራቸውን ልብ እንበል።

በሉቃስ 10፥38-42 የተጻፈውን የማርታንና የማርያምን ታሪክ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ማርያም በጌታችን እግር ሥር ተቀምጣ ቃሉን ትሰማ ነበር፤ ማርታ በአገልግሎት ብዛት ባከነች። የማርታን አቤቱታ ልብ ብለን ካነበብነው ብቻዋን እንድታገለግል መተዋ ነበር ያሳዘናት። ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ ጠቅሰን ማርታን እንወቅሳለን፤ በየቤታችን ያሉትን ማርታዎች ግን ብቻቸውን እንተዋቸዋለን። መልካሙን ዕድል ሁሉም እንዲካፈል ከተፈለገ የማድቤቱም ሥራ ሁሉም የሚካፈለው መሆን አለበት።

በዮሐንስ 21፥9-13 ደግሞ ከትንሣኤው በኋላ ጌታችን ሌሊቱን ሲደክሙ ላደሩት ደቀ መዛሙርቱ በባሕር ዳር የፍም እሳት፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ምሳ እንዲበሉ ጠራቸው። ያቺ ማዕድ የተዘጋጀችው በራሱ በጌታችን እጅ ነው፤ የተሰጠችውም ሌሊቱን ለደከሙት ነው። ማዕድ ማሰናዳት ለወንድ ልጅ የማይገባ ሥራ ነው የሚል ሰው ይህን ንባብ ደግሞ ሊያየው ይገባል።

ሊቃውንት እንደሚተረጉሙት ቤተልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በአብያተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥም የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ቤተልሔም ይባላል። በዚያች ቤት ሥራው የሚከናወነው በንጽሕና፣ በተወሰነ ሰዓትና በተመደቡ አገልጋዮች ነው። በየቤታችን ያለው ማድቤትም ከዚህ ሥርዓት የሚማረው አለ፤ ንጽሕናን፣ ሰዓትንና የሥራ ክፍፍልን።

3. ሰውነት ከጾም ወደ ፍስክ ሲሸጋገር

በጾሙ ወራት ሆዳችን ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና የመሳሰለውን የለመደ ነው። በዚያ ላይ ያስቀደሰው ሰው ሌሊቱን ሳይበላ ሳይጠጣ ቆሞ አድሯል፤ የቆረበው ምእመን ደግሞ ከመቁረቡ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ጾሟል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው በማለዳ ቅቤ የበዛበትን ወጥ፣ ጥሬ ሥጋና አረቄ በአንድ ጊዜ ሲጨምርበት ሆዱ ይነፋል፣ ያስመልሰዋል ወይም ያስቀምጠዋል። የጨጓራ ቁስለት ወይም የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ሕመሙ ሊነሣበት ይችላል። ከበዓል ማግስት በየጤና ጣቢያው የሚታየው የሆድ ሕመም ሁሉ ከተበላሸ ምግብ የሚመጣ አይደለም፤ ጥቂት የማይባለው ከመጠንና ከአኳኋን ጉድለት ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ከረጅም ጾም በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ ተልባ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ልዝብነቱ የደረቀውን አንጀት ያለሰልሳል። በዚህ መሠረት የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን። በመጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ ወይም ተልባ ይጠጣ። ቀጥሎ ዳቦ ወይም እንጀራ ከአይብ ጋር ይቀመስ። ከዚያ በኋላ መጠነኛ ወጥ ይቅረብ። ጠላም ሆነ ሌላ የሚያሰክር መጠጥ በባዶ ሆድ አይቅደም። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የበዓሉን ማለዳ የመድኃኒት ሰዓት አስቀድመው ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት፤ ጨውና ቅቤ ከመግባቱ በፊትም ከወጡ ለእነርሱ የሚበቃው ለብቻ ይቀነስ። የታመመው ሰው የተለየ ምግብ እየበላ ከዳር ከሚቀመጥ፣ ከዚያው ድስት የወጣ የእርሱ ድርሻ ቢኖረው ከማዕዱ እንዳልቀረ ይሰማዋል።

4. ማለዳውንና ቀትሩን መለየት

ዋናው ምክራችን ይህ ነው፤ የበዓሉ ማዕድ በሁለት ይከፈል። ማለዳ ላይ ቀለል ያለ የጾም መፍቻ፣ ቀትር ላይ ደግሞ የዶሮው ወጥ ወይም የቅርጫው ሥጋ ይቅረብ።

ለማለዳው የሚሆነው የእንቁላል ወጥ ነው። የዶሮ ወጥ መሠረቱ ቁሌት መሆኑን እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። ለአንድ መካከለኛ ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል፤ ውኃው እስኪመጥና መልኩ እስኪለወጥ ድረስ በዝግታ ይቁላላል፤ ጥቂት ዘይትና በርበሬ ገብቶበት ውኃ ጠብ እየተደረገ ይበስላል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም ይጨመርበታል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የጾም ነው። የምታበስለውም ሰው ጾሙን ሳትሽር ጨውና በርበሬውን ልትቀምሰው ትችላለች። ቅቤውና እንቁላሉ የሚገባው ግን ከቅዳሴ መልስ ነው። ይህ አሠራር በገሃድ ዕለት ቅቤ የገባበትን ወጥ ሳይቀምሱ በሽታ ብቻ ከመገመት ያድናል።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁሌቱ እንደ ገና በደንብ ይፍላ፤ ግማሹ ለቀትሩ ዶሮ ይቀመጥ፤ በቀረው ላይ ቅቤ፣ መከለሻና የተቀቀለ እንቁላል ይግባበት። እንቁላሉን መቀቀል ከሩብ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም። በደጋው አገራችን ውኃ ከባሕር ጠረፍ ባነሰ ሙቀት እንደሚፈላ መታወቅ አለበት፤ አዲስ አበባ ባለችበት ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ እንቁላል ከፈላ በኋላ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ቢቆይ አስኳሉ ሙሉ በሙሉ ይበስላል። ከዋዜማው የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ ጥቂት አይብና ጎመን ሲጨመርበት ማዕዱ የተሟላ ነው። ዶሮ ለመግዛት አቅም ያነሰው ቤተሰብም እንቁላሉን በመያዝ ብቻ በዓሉን በደስታ መዋል ይችላል፤ ለአንድ ቀን ድግስ ሲባል ለወራት የሚከፈል ብድር ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

ይህ አከፋፈል ሌላም ጥቅም አለው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ዶሮው በዋዜማው ታርዶ ወጡ ከተሠራ እስከ ንጋት ብዙ ሰዓት ይቆያል። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ ከዚያ በኋላ በውስጡ የሚራቡት ተዋስያን መርዝ ሊያመነጩ ይችላሉ፤ ከመርዙ አንዳንዱም ዳግም በመሞቅ አይጠፋም። ዶሮው ከቅዳሴ በኋላ ቢታረድና ቀትር ላይ ትኩሱን ቢበላ ግን ይህ ሥጋት አይኖርም። ማቀዝቀዣ ያለው ቤተሰብ ወጡን በዋዜማው መሥራት ቢፈልግ በሰፊ ዕቃ አስፍቶ ቶሎ ያቀዝቅዘው፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣው ያስገባው፤ ማለዳም እስኪንተከተክ ያፍላው።

5. የሥራ ክፍፍል በየቀኑ

እናት ከምድጃ ዳር ተነሥታ ማስቀደስ የምትችለው ሥራው ቀደም ብሎ ከተጀመረና ከተከፋፈለ ብቻ ነው። ለአብነት የሚከተለውን እናቀርባለን።

ከበዓሉ አንድ ሳምንት አስቀድሞ፦ ባልና ሚስት ተቀምጠው ወጪውን ይወስኑ። በርበሬው፣ መከለሻውና ዘይቱ የዋዜማው ገበያ ሳይወደድ ይገዛ። ቅቤው ይነጠር።

ታኅሣሥ 27 ቀን፦ እንጀራው ይጋገር። አባትና ልጆች ሽንኩርቱን ይላጡ፤ ቤቱን ያጽዱ፤ ውኃና ማገዶ ያቅርቡ።

ታኅሣሥ 28 ቀን፣ ገሃድ፦ ጠዋት ሽንኩርቱ ይከተፍ፤ ዳቦው ይቡካና ይጋገር። ከሰዓት በኋላ ቁሌቱ ይሠራ፤ ማማሰሉን የቤቱ ሰዎች በየተራ ይያዙት። ምሽት ላይ ምድጃው ይጥፋ፤ ድስቱ ይከደን። ሁሉም ጥቂት ዐርፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ።

ታኅሣሥ 29 ቀን ማለዳ፦ ቀድሞ የደረሰው ሰው እሳቱን ያያይዝ፤ ቁሌቱን ያፍላ፤ እንቁላሉን ይቀቅል። ቄጤማው ይጎዝጎዝ፤ ጸሎት ተደርሶ ማዕዱ ይባረክ። ከዚያ በኋላ አባወራው ወይም ጎልማሳ ልጅ ዶሮውን ይረድ፤ መገነጣጠሉንም ይርዳ።

ሕፃን ወይም አልጋ የያዘ ሕመምተኛ ያለበት ቤት አንድ ሰው እንዲቀር ግድ ይሆንበታል። ያም ቢሆን በየዓመቱ የምትቀረው አንዲቱ ሰው ብቻ እንዳትሆን ተራ ይውጣለት። በልደት የቀረችው በጥምቀት ትሂድ፤ በጥምቀት የሄደው በትንሣኤ ይቅር።

6. ንጽሕናና ከአደጋ መጠበቅ

ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የዶሮ ጥሬ ሥጋ ለተቅማጥ የሚዳርጉ ተዋስያን ሊይዝ ስለሚችል፣ የታጠበበት ውኃ ወደ ዳቦው፣ ወደ አይቡና ወደ ሌላው የተዘጋጀ ምግብ እንዳይረጭ በተለየ ቦታ ይታጠብ። ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳይታጠብ ለሌላ ምግብ አይዋል። የዶሮው ሥጋ ከአጥንቱ አጠገብ ሳይቀር መብሰል አለበት። ወተት ሳይፈላ አይጠጣ፤ ጥሬ ወተት የከብት ነቀርሳንና ሌሎች ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን ያመጣል።

ጥሬ ሥጋን በሚመለከት ልማዳችን ጽኑ ነው፤ ጉዳቱም እንዲሁ የታወቀ ነው። የኮሶ ትል ወደ ሰው የሚገባው በከብቱ ጡንቻ ውስጥ ያለው እጭ ሥጋው ሳይበስል ሲበላ ነው፤ ከብቱ ደግሞ የትሉን እንቁላል የሚያገኘው በሰው ዓይነ ምድር ከተበከለ የግጦሽ መሬት ነው። እንግዲህ ይህን ሰንሰለት የሚበጥሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሥጋን አብስሎ መብላትና መጸዳጃ ቤት ሠርቶ መጠቀም። ታሞ የሞተን ወይም ሊሞት ሲል የታረደን ከብት መብላት ከዚህ የከፋ ነው፤ አባ ሰንጋ የያዘው ከብት ሥጋውን የበላውን ብቻ ሳይሆን ያረደውንና የገፈፈውንም ሊገድል ይችላል። የሚታረደው ከብት በእንስሳት ሐኪም ይታይ።

የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ነውና ብዙ ሰው የከሰል ምድጃ ወደ ቤት ያስገባል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሚነድድ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ከሰል ሲነድድ በርና መስኮት ይከፈት፤ ከመተኛት በፊትም ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ።

7. ቅርጫውና የጎረቤት ድርሻ

ቅርጫ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም የኅብረት ሥራ ነው። ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ሥጋው በእኩል መደብ ይከፈላል፤ አድልዎ እንዳይኖር ዕጣ ይወጣል። ባለጠጋውና መካከለኛው በዚያ ዕለት ድርሻቸው አንድ ነው። የማዋጣት አቅም የሌለው ግን ከመደቡ ዙሪያ አይገኝም።

ስለዚህ በየአጥቢያው ያሉ ሰንበቴዎች፣ ማኅበራትና ዕድሮች አንድ ውሳኔ እንዲወስኑ እናሳስባለን። በእያንዳንዱ ቅርጫ አንድ መደብ ይጨመር፤ ወጪውን አባላቱ ሁሉ ይካፈሉት። አሥር ሰዎች የተሰበሰቡበት ቅርጫ በሬውን ለአሥራ አንድ ቢከፍለው የእያንዳንዱ ድርሻ ከአሥራ አንድ አንድ እጅ ብቻ ይቀንሳል። አሥራ አንደኛው መደብ ለሌለው ቤት ይሆናል። ዕጣው ሲወጣም ያ መደብ አብሮ ይግባ እንጂ የተረፈው አጥንት አይሁን፤ ለእግዚአብሔር ብለን የምንሰጠው የተሻለው እንጂ የተጣለው አይደለምና።

አሰጣጡም በማስተዋል ይሁን። በሉቃስ 14፥12-14 ጌታችን ግብዣ ስናደርግ ብድራት ሊመልሱልን የማይችሉትን እንድንጠራ አስተምሮናል። እንድንጠራ ነው ያለው፤ በደጅ ቆመው እንዲቀበሉ አላለም። አቅሙ የደከመውን አረጋዊ፣ ቤተሰቡ ርቆት ብቻውን ያለውን ተማሪ፣ ከቀዬው የተፈናቀለውን ወገን በማለዳው ማዕድ አብሮን እንዲቀመጥ ብንጋብዘው፣ በመሶቡ ዙሪያ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጨመረው። መምጣት ለማይችለው ደግሞ ድርሻው ትኩሱን በልጆች እጅ ይላክለት፤ ልጆቹም ምጽዋትን በቃል ከመስማት አልፈው በእጃቸው ይማራሉ።

ማጠቃለያ

ጌታችን በተወለደ ጊዜ እናቱ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ አላገኘችም። እኛም በእርሱ የልደት ቀን በቤታችን ስፍራ ያጣ ሰው እንዳይኖር መጠንቀቅ ይገባናል። ሰዓቱን በማስተካከልና ማዕዱን ለሁለት በመክፈል እናት ታስቀድሳለች፤ መጠኑንና ንጽሕናውን በመጠበቅ የታመመው አብሮ ይበላል፤ አንድ መደብ በመጨመር የሌለው ድርሻ ያገኛል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ከአንድ ሳምንት በፊት መመካከር፣ በአንድ ምሽት ሽንኩርት መላጥ፣ ከአሥራ አንድ አንድ እጅ መተው ነው። ማኅበራዊ ልማትም ከሌላ ስፍራ ሳይሆን ከዚሁ ከመሶባችን ዙሪያ ይጀምራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው በዓለ ልደት ከቤታችሁ ማን ሳያስቀድስ ቀረ? ምክንያቱ ምን ነበር? ዘንድሮ ተራው የማን ሊሆን ይገባል?
2. በአካባቢያችሁ ከረጅም ጾም በኋላ በመጀመሪያ የሚቀመሰው ምንድን ነው? አረጋውያን ስለ ምክንያቱ ምን ይላሉ?
3. የማለዳውን ማዕድ ቀላል አድርጎ ዶሮውን ወደ ቀትር ማዛወር በቤታችሁ ምን ያስቸግራል? ምንስ ያቀልላል?
4. ሰንበቴያችሁ ወይም ዕድራችሁ በቅርጫው ላይ አንድ መደብ ለመጨመር ቢወስን ድርሻው ለማን እንደሚደርስ፣ ክብሩ ሳይነካ እንዴት እንደሚሰጠው ተወያዩ።

በዓሉን የሰላም፣ የጤናና የመተሳሰብ ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።